ብጠራችሁም እንዳትመልሱ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እትዬ ወለተማርያም ፍሪጁን ከሶኬቱ ነቀሉት። ፍሪጁ እንደ ልማዱ አንዴ ተንቀጥቅጦ ዝም አለ፤ ቤቱ ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ ሲያጉረመርም እንደኖረ የታወቀው ያኔ ነው። ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት አውርደው በጋቢ ጠቀለሉና ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቱት። የማድ ቤቱ ቧንቧ ስለሚያንጠባጥብ ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ አኖሩ። የሳሎኑን በር ማጠፊያ የምግብ ዘይት ቀቡት፤ በሩን ከፈት ዘጋ እያደረጉ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። በመጨረሻ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ቆሙና፣ "ሌላ ምን የሚጮህ ነገር ቀረ?" አሉ በሹክሹክታ።

"አንቺ ነሽ የቀረሽው" አሉ ጋሽ አጽብሃ ከሶፋው ላይ ሆነው።

የእህታቸው ልጅ ልዩ፣ ሸሚዟን እየተኮሰች፣ ሳቀች። "ኢንሱሊንዎትስ ጋሼ? ፍሪጁ ጠፍቶ አይበላሽም?"

"ግማሽ ቀን ምን ያደርገዋል? እኔን ተዪኝና የራስሽን ነገር አስቢ።"

"ፈተናው እኮ አምስት ሰዓት ነው። ከአሁኑ ምን ያንሾካሹካችኋል?"

"ልምምድ ነው" አሉ ጋሽ አጽብሃ፣ ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚባል ሳይታይ።

ጋሽ አጽብሃ የእናቷ ወንድም ናቸው። ልዩ ሕክምና ልትማር ከኮረም ስትመጣ ያረፈችው እዚህ ካዛንቺስ፣ እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ወለተማርያም ዕድሜያቸውን በፈጁበት የቀበሌ ቤት ነው፤ አሁን ሐኪም ሆና፣ በውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ለመሆን የመጨረሻው ፈተና ላይ ደርሳም በዚያችው የጓሮ ክፍል አለች። ጋሽ አጽብሃ ጡረታ እስኪወጡ ጂኦግራፊ አስተምረዋል። ሰፈሩ የሚያስታውሳቸው ግን በአስተማሪነታቸው ሳይሆን በፈታኝነታቸው ነው። የብሔራዊ ፈተና ሰሞን ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ ለብቻ ነበራቸው። በዴስኮች መካከል እንደ ጥላ ሲያልፉ ተማሪው የሚያውቀው ጥላቸው ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው ይባል ነበር። "ፈተና ላይ ያስነጠሰ ተማሪ ይቅር ይባላል፤ ያስነጠሰ ፈታኝ ግን ጡረታ ይውጣ" ማለት ይወዱ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ፈተና የሚባል ነገር ዳግም በእጃቸው እንደማያልፍ አምነው ተቀምጠው ሳለ፣ ልዩ የቃል ፈተናዋን በኮምፒውተር፣ ከዚሁ ቤት ሆና እንደምትፈተን ስትነግራቸው ተነስተው ቆሙ። "እዚህ ቤት? ከእኔ ቤት?" አሉና ሳሎኑን አንድ ጊዜ ዞረው አዩት። በማግስቱ ጸጉራቸውን ተቆረጡ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ልዩ ከአንድ ዓመት በፊት በአካል ተፈትና ወድቃለች፤ ዛሬ ደግማ ከወደቀች ከሥልጠናው ትሰናበታለች። ሠልጣኝ ሐኪሞቹ ሁሉ ስለ ኦንላይን ፈተና አስተያየት ሲጠየቁ ከማንም በፊት እጇን ያወጣችው ለዚህ ነው። ግን የኦንላይኑም ጣጣ ቀላል አልሆነም። በመጀመሪያው ዙር አርአያ የሚባል ጓደኛቸው ከቤቱ ሲፈተን፣ እናቱ ከበር ውጭ ሆነው "በርታ ልጄ" ማለታቸው ተሰማና ፈታኞቹ "አጠገቡ ሰው አለ" ብለው ፈተናውን ሰረዙበት። እናትየው እስከ ዛሬ ልጃቸው ፊት ቀና ብለው አያወሩም አሉ። ስለዚህ ልዩ ትናንት ማታ አጎቷንና እትዬ ወለተማርያምን ሳሎን አስቀምጣ ሕጉን ነገረቻቸው። ስልክ የለም። ማስነጠስ የለም። በር ማንኳኳት የለም።

"ደግሞ እኔ ራሴ ብጠራችሁም እንዳትመልሱ።"

"አንቺው ብትጠሪን?" አሉ እትዬ ወለተማርያም።

"ብጠራችሁም። ስደናገጥ 'እትዬ ውሃ' ማለት ልማዴ ነው፤ እርስዎ ደግሞ 'ወዬ' ይላሉ። በቃ፣ አንድ 'ወዬ' ከተሰማ አለቀልኝ።"

"ቤቱ ቢቃጠልስ?"

"ቤቱማ ይፈርሳል እንጂ አይቃጠልም" አሉ ጋሽ አጽብሃ። ከዚያ ወደ ልዩ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ትክክለኛ ሕግ ነው። አስከብረዋለሁ።"

ጠዋት ልዩ ሸሚዟን ሰቅላ ወደ ኡራኤል ወረደች። መገርሳ፣ አብሯት የሚሠለጥነው ሐኪም፣ መብራት ቢጠፋ ዋይፋዩን የሚያቆይ ትልቅ ፓወር ባንክ ሊያውሳት ቀጥሯታል። ካፌው ውስጥ ሰው አፍ ለአፍ ገጥሞ ያወራል፣ የማኪያቶው ዋጋ ላይ ጭማሪ በጭማሪ ተለጥፎበታል፣ ውጭ ረዳቶቹ "ቡልጋሪያ! ቡልጋሪያ!" ይላሉ። ከቤቱ ጸጥታ ከወጣች በኋላ ይሄ ሁሉ ጩኸት ጆሮዋን አመማት። አብራቸው የምትሠለጥነው ሲፋንም ነበረች፤ ሌሊቱን ሆስፒታል ተረኛ ሆና አድራ ዓይኗ ቀልቷል።

"እቺን ሰካ ማድረግ ነው" አለ መገርሳ ፓወር ባንኩን ወደ እሷ እየገፋ። "ከላይ ኮት ከታች ፒጃማ ነሽ አይደል? እንደ ዜና አንባቢ።"

"ሙሉ ልብስ ነው የምለብሰው። ተነሺ ቢሉኝስ?"

"ተነሺማ አይሉሽም። ከተነሳሽ ከካሜራ ወጣሽ ማለት ነው፤ ከወጣሽ ደግሞ በቃ።" ማኪያቶውን አንድ ጊዜ ፉት አለ። "እኔ አሁንም አላምንበትም፣ ልዩዬ። በአካል ሲሆን፣ ማለቴ፣ ቢያንስ በሽተኛ አለ። ፕሮፌሰሩ ከአልጋው ግርጌ ያቆሙሽና 'እጅሽን ኪስሽ ከተሽ እዪ፣ መጀመሪያ እዪ' ይሉሻል። ያቺ ደቂቃ ናት ሐኪም የምታደርግሽ። አሁን ምን አለ? የበሽተኛ ኬዝ ከወረቀት የሚያነብ ሰውዬ።"

"እኔ እኮ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ ነው የወደቅኩት" አለች ልዩ። "አራት ሰው ከጎኔ ሲያፈጥብኝ በሽተኛውን መች አየሁት? እነሱን ነበር የማየው። ሰውዬው እጁን ዘርግቶ ሰላም ሲለኝ እንኳ አላየሁም፤ ያንን ነው የጻፉብኝ። ኦንላይን ላይ ቢያንስ ዓይናቸው ትንሽ ነው።"

"ዓይናቸው ትንሽ ነው!" መገርሳ ጠረጴዛውን መታ። "ይሄን አስተያየት መስጫው ላይ መጻፍ ነበረብሽ።"

ሲፋን አልሳቀችም። "ትንሽ አይደለም" አለች። "እኔን ትናንት መጀመሪያ የጠየቁኝ ኬዝ እንዳይመስላችሁ። ጆሮሽን አሳዪ ነው ያሉኝ።"

"ምን?"

"ጆሮሽን። ማዳመጫ ደብቃ እንደሆነ ብለው። ሂጃብሽን ገለጥ አድርጊ አሉኝ፣ ሦስት ወንድ። ሴት ሐኪም ጥሩልኝና ለእሷ ላሳያት ብል፣ 'ዶክተር፣ ጊዜሽ እየሄደ ነው' አሉኝ።"

"አሳየሻቸው?" አለች ልዩ።

ሲፋን ስኳር ያልጨመረችበትን ሻይ አማሰለች። "ጥያቄውን ሁሉ መልሻለሁ። ሳልፍ አልቀርም። ጆሮዬ ግን እስካሁን ያቃጥለኛል።"

መገርሳ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "ጸጥታውን ደግሞ አትርሺ" አላት ለልዩ፣ ጨዋታ ለመለወጥ ያህል። "ፊት ለፊት ሲሆኑ ወንበራቸው ሲንቋቋ ትሰሚያለሽ። እዚያ ግን ከመለስሽ በኋላ ዝም ይላል። ኔትወርኩ ቆሞ ይሁን፣ እያሰቡ ይሁን፣ ጥለውሽ ሄደው ይሁን አታውቂም። ዝምታውን እንዳታምኚው።"

ስትመለስ መንገዱ በድንጋይና በቆርቆሮ ክምር ተዘግቶ ስለነበር በፍርስራሹ ላይ ወጥታ ወረደች። ሰፈሩ ከግማሽ በላይ ፈርሷል። ዳቦ ቤቱ የለም፤ ፋርማሲው የለም፤ እትዬ ወለተማርያም ማኅበር የሚጠጡባቸው ቤቶች ወለላቸው ብቻ፣ ቀይና ቢጫው ሊሾ ብቻ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይታያል። ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ወደ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ተበትኗል። የእነሱ ረድፍ ተራው ስላልደረሰ ቆሟል፤ ከስድስቱ ቤት ግን ሰው ያለው በእነሱ ብቻ ነው። ከማዶ ቤት የሚያፈርሰው ቢጫው ኤክስካቫተር ክንዱን መሬት ላይ ጥሎ ቆሟል። ከማለዳ ጀምሮ ሲፈጭ የሚውለው ማሽን ዛሬ ድምፅ የለውም።

ጋሽ አጽብሃን ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የቂንጬው ሳህን አጠገባቸው መሬት ላይ ነው፤ ማንኪያው እንደተሰካ፣ ከላዩ ቆዳ አበጅቷል።

"ጨረስኩልሽ" አሉ። "የማሽኑን ኦፕሬተር ራሴ ሄጄ አነጋገርኩት። ቸሩ ይባላል፣ ጨዋ ልጅ ነው። እንዲህ ያለች የእህቴ ልጅ አለችኝ፣ እንዲህ ያለ ፈተና አለባት ብዬ ብነግረው እስከ ስድስት ሰዓት አላስነሳውም ብሎ ቃሉን ሰጠኝ። ከስድስት በኋላ ግን ከአለቃው ጋር ይጣላል።"

"ያንን ሁሉ ፍርስራሽ ተሻግረው?"

"ታዲያ በምን ልሂድ?"

ልዩ ጎንበስ ብላ ግንባራቸውን ሳመች። ግንባራቸው ለከንፈሯ እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር። "አልቦዎታል ጋሼ።"

"ዳገቱ ነው።"

"ቁርሱን ደግሞ አልነኩም፤ ይብሉ በያቸው እስቲ!" አሉ እትዬ ወለተማርያም ከውስጥ፣ አሁንም በሹክሹክታ። "ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል ይላሉ። ከተፈታኟ ይልቅ እሳቸው ፈርተዋል።"

ጋሽ አጽብሃ በመሐረባቸው አንገታቸውን ጠረጉ። በሐምሌም በሚያዝያም እስከ ላይ የሚቆለፈው የሸሚዛቸው ቁልፍ ተከፍቷል። ልዩ ይሄን ሁሉ አየች፤ ዓይኗ ግን ስልኳ ላይ ያለው ሰዓት ላይ ነበር። ገብታ ለበሰች፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራ ጆሮዋን አወጣች፣ መስተዋት ፊት ቆማ "ጉድ ሞርኒንግ ፕሮፌሰር" አለች። ጋሽ አጽብሃ እግራቸውን እየጎተቱ አልፈው ወደ መኝታ ቤታቸው ሲገቡ በመስተዋቱ ውስጥ ታዩዋት። ለአፍታ በሩን ተደግፈው ቆሙ። ከዚያ እንደ ጥንቱ እጃቸውን አነሱና፣ "ተፈታኞች፣ ሰዓት ሊጀምር ነው" አሉ።

በአምስት ሰዓት ኮምፒውተሩ "እባክዎ ይጠብቁ" የሚል ጽሑፍ ብቻ አሳያት። ጠበቀች። በቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። የእሷን ክፍልና የአጎቷን መኝታ ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ሌላ ጊዜ ገጽ ሲገልጡ እንኳ ይሰማታል። አሁን የሚሰማት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጋሽ አጽብሃ ስለ ፈተናው ብለው የሚውጡት ሳል። ይጀምርና ጨርቅ ውስጥ ይቀበራል። እንደገና ይጀምርና ይቀበራል። ልዩ በልቧ አመሰገነቻቸው። አሥር ደቂቃ አለፈ፤ ሃያ አለፈ። ፈታኞቹ አልመጡም። ኤክስካቫተሩን አሰበች። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ካልጨረሰች ያ ማሽን እንደሚነሳ፣ ጠረጴዛው እንደሚንቀጠቀጥ፣ ፈታኞቹ እርስ በርስ እንደሚተያዩ አሰበች። መዳፏን ሱሪዋ ላይ ጠረገች።

ወደ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሦስት ፊት፣ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት፣ ብቅ አለ። ስለ መዘግየቱ ይቅርታ የጠየቀ የለም። መሀል ላይ ያሉት ራሰ በራው ፕሮፌሰር ክፍሉን እንድታሳያቸው አዘዟት፤ ኮምፒውተሩን ይዛ በቀስታ ዞረች፣ አልጋዋን፣ ከአልጋዋ ሥር፣ የአቡጀዴውን ኮርኒስ፣ በሩን። "በቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አለ?" አሉ። "አጎቴና ባለቤታቸው አሉ፣ በሌላ ክፍል" አለች። "ድምፅ እንዳንሰማ።" "አትሰሙም" አለች ልዩ፣ በኩራት ነበር ያለችው።

ጥያቄውም መልሱም በእንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኬዞች እንደ ውሃ አሳለፈቻቸው። ዓይናቸው በእውነትም ትንሽ ነበር። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ሴትየዋ ፈታኝ አንድ ጊዜ ፈገግ እንዳሉ አየች። ይሄን ፈተና አልፋለሁ ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰበችው ያኔ ነው። ፕሮፌሰሩ ወደ ካሜራው ተጠጉ።

"በአካል ስንፈትን የምንወዳት አንድ ጥያቄ ነበረች፤ ኦንላይን ስለሆነ አንተዋትም" አሉ። "ወደ ሰባ የሚጠጋ ሰው ነው። ስኳር አለበት። 'ደከመኝ' ብሎ መጣ፤ ሌላ አልተናገረም። አንቺ ከአልጋው ግርጌ ቆመሻል። አልነካሽውም። መጽሐፉ የሚለውን አይደለም፤ የምታዪውን ንገሪኝ።"

ባለፈው ዓመት አፏን የዘጋባት ይሄው ጥያቄ ነው። ዛሬ ግን ዓይኗን ጨፈን ስታደርግ ሰውየው ከየት እንደሆነ ሳታውቅ መጣላት። "ፊቱ አመድ መስሏል" አለች። "ሙቀት በሌለበት ያልበዋል፤ ላቡ ቀዝቃዛ ነው። ምግብ ቀርቦለት አልነካም፤ ያቅለሸልሸዋል። ሲራመድ እግሩን ይጎትታል፤ በር ይደገፋል። አጭር መንገድ ሄዶ የመጣ ነው፤ ግን ካረፈ በኋላም አልተመለሰለትም። ይስላል፣ ሳሉን ይውጠዋል። የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ተከፍቷል፤ ሁልጊዜ የሚቆልፍ ሰው ነው።"

ፕሮፌሰሩ ሳቁ። "የመጨረሻዋን ከየት አመጣሻት? ግሩም ነው። ሰውየውን አይተሽዋል።"

ልዩ ከንፈሯ ላይ የዚያ ግንባር ቅዝቃዜ ተመለሰ።

"ሕመም የለውም" አሉ ፕሮፌሰሩ። "ደረቴን አላለም። ይሄ ያረጋጋሻል?"

"አያረጋጋኝም" አለች፤ ድምፅዋ ከራሷ ርቆ ሲሄድ ይሰማታል። "ስኳር የቆየበት ሰው ልቡ ሲጎዳ ላያመው ይችላል።"

"ምን ትሰጪዋለሽ?"

መለሰች። አስፕሪኑን፣ መጠኑን፣ የልብ ምርመራውን፣ ሁሉን በየተራው። እየመለሰች በጭቃው ግድግዳ በኩል ታዳምጥ ነበር። ሳሉ የለም። መቼ እንደቆመ አታውቅም። ፍርሃት ነው አለች ለራሷ፤ ባለፈው ዓመትም እንዲህ ፈርተሽ ነው የወደቅሽ። ተኝተው ይሆናል። ብትነሺ መጀመሪያ የሚቆጡሽ እሳቸው ናቸው። ጥቂት ነው የቀረው። ሴትየዋ ሌላ ጠየቁ፣ እሱንም መለሰች። ሦስተኛው ፈታኝ ሌላ ጨመሩ፣ እሱንም መለሰች፤ በትክክል።

"ጥሩ። እንግዲህ የመጨረሻ" አሉ ፕሮፌሰሩ። "ይሄ ሰው ምን ያህል ጊዜ አለው?"

ልዩ አፏን ከፈተች። ከዚያ ፊቷን ከካሜራው አዞረች።

"እትዬ!"

ቤቱ ዝም አለ።

"እትዬ ወለተማርያም! ጋሼን ይዩልኝ!"

"ዶክተር ልዩ" አሉ ፕሮፌሰሩ፣ "ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"እትዬ! ኧረ እትዬ!" ጮኸች። አንድ እንኳ ኮሽታ አልመለሰላትም። ይሄ ዝምታ የማን ሥራ እንደሆነ ያኔ ገባት፤ አፋቸውን የዘጋችው ራሷ ነች። ወንበሩ ከኋላዋ ወደቀ።

እትዬ ወለተማርያም ኮሪደሩ ላይ፣ ከበሯ ፊት ለፊት፣ ምንጣፍ አንጥፈው ተቀምጠዋል። የነጠላቸውን ጫፍ አጣጥፈው በጥርሳቸው ይዘዋል። ልዩን ሲያዩ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ በሁለት እጃቸው ወደ ውስጥ ይገፏት ጀመር፣ ተመለሺ፣ ተመለሺ፣ ድምፅ ሳያወጡ። ስትጠራቸው ሰምተዋል። ሕጉን አክብረው እንባቸውን እያፈሰሱ ተቀምጠዋል። አለፈቻቸው።

ጋሽ አጽብሃ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። በሁለት እጃቸው የታጠፈ ጋቢ አፋቸው ላይ ጭነዋል። ልዩ ከአልጋው ግርጌ ቆመች። አንድ አፍታ ብቻ ነው የቆመችው፤ የተናገረችው ሁሉ ከፊቷ ነበር፣ አንድም ሳይጎድል። ጋቢውን ዝቅ አደረጉ። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል።

"ሰማሁሽ" አሉ። ግድግዳው ስስ ነው፤ እንግሊዝኛውም አይጠፋቸውም። "ሁሉንም... ጥሩ መለስሽ።"

"ለምን አልጠሩኝም? ጋሼ፣ እየሰሙ ለምን አልጠሩኝም!"

"ፈተና ላይ ነሽ።" ትንፋሽ እስኪያገኙ ጠበቁ። "ተመለሺ። ሰዓት አለሽ።"

የእጃቸውን የደም ሥር ያዘች። እንደ ቀጭን ክር ይሮጥና ይጠፋል፣ ይሮጥና ይጠፋል። ቦርሳዋን አምጥታ አስፕሪን አስኘከቻቸው፤ ግማሹ ከአፋቸው ተመልሶ አገጫቸው ላይ ቀረ። ከጓሮው ክፍል "ዶክተር ልዩ፣ ትሰሚናለሽ?" የሚል ድምፅ መጣ፤ ሁለተኛ መጣ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ መስመር ሲዘጋ የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ። ወደ አምቡላንስ ደወለች።

"ካዛንቺስ የት ጋ?" አለች ስልኩን ያነሳችው ልጅ።

"ከዳቦ ቤቱ ወደ ታች..." አለችና ቆመች። "አይ፣ ፈርሷል። ፋርማሲ ነበረ፣ እሱ ጋ..."

"እመቤቴ፣ አሁን ያለ ምልክት ንገሪኝ።"

ልዩ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። አሁን ያለ ምልክት ቢጫው ማሽን ብቻ ነበር። "ኤክስካቫተር" አለች። "አንድ ኤክስካቫተር ቆሟል።"

"ካዛንቺስ ውስጥ ስንት ኤክስካቫተር አለ መሰለሽ? መንገዱም ዝግ ነው ይላሉ። በሽተኛውን ይዛችሁ ዋናው መንገድ ላይ ጠብቁን።"

"እትዬ!" አለች ልዩ። "ይጩሁ! ሰው ይጥሩ፣ የሚያነሳልን ሰው ይጥሩ!"

እትዬ ወለተማርያም አልጋው ጫፍ ላይ የባላቸውን እግር ይዘው ተቀምጠዋል። ነጠላውን ከአፋቸው አወጡ። አፋቸው ተከፈተ፤ የወጣው ግን ያው የጠዋቱ ሹክሹክታ ነው። "ማንን?" አሉ። "ማን አለና ልጄ?"

ልዩ በባዶ እግሯ ወጣች። በጥቁር ሱሪዋና በተኮሰችው ሸሚዝ፣ ጡብና የተሰበረ ሊሾ እየረገጠች፣ ማዶ ወዳለው አንድ ሰው ሮጠች። ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ማሽኑ ጥቁር ጭስ ተፋና ተነሳ። መሬቱ ከእግሯ ሥር ተርገፈገፈ። ስድስት ሰዓት ነው።

"ቸሩ!" አለች። የራሷን ድምፅ ራሷ አልሰማችውም። "ቸሩ! አጥፋው! ሰው! የሚያግዘኝ ሰው!"

ወጣቱ ኦፕሬተር ከመስተዋቱ ውስጥ አያት። የማን ዘመድ እንደሆነች ገብቶታል፤ ፈገግ አለ። ይቅርታ በሚል ራሱን ነቀነቀና ግራ እጁን አንስቶ የእጅ ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ አደረገው። እስከ ስድስት ነው ያልኩት፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ ማለቱ ነው። ክንዱ ከመሬት ተነሳ። ልዩ ሁለት እጇን ዘርግታ ከማሽኑ ፊት ቆመች። ያኔ እግሯን አየ፤ በስባሪ የተቆረጠው እግሯ ቢጫው ሊሾ ላይ ያተመውን ደም አየ፤ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ።

ሞተሩን አጠፋው። አቧራው ቀስ እያለ ወረደ፤ በፈረሰው ሰፈር ላይ ያ የጠዋቱ ጸጥታ እንደገና ተዘረጋ። "ምንድን ነው እህቴ?" አለ ቸሩ በሩን ከፍቶ እየወረደ።

ልዩ አልመለሰችለትም። ከኋላዋ፣ ብቻውን ከቀረው ቤት፣ እትዬ ወለተማርያም ከማለዳ ጀምሮ አፍነው የያዙትን ድምፅ ለቀቁት።